አባቴ ለእናቴ የሠራው ባሕር

ባለፈው ወር ጥርሴን አሞኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ በእንግዳ መቀበያው ጥግ የቆመውን የዓሣ ገንዳ የሚያጸዳ ሰው መጥቶ ክዳኑን ብድግ ሲያደርገው አንድ ሽታ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። እርጥብ ድንጋይ፣ ጨውና ፀሐይ ላይ የሰነበተ ቅጠል አንድ ላይ የተቀላቀሉ የሚመስል ሽታ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ ግን የጥርሴን ሕመም ረስቼ በረጅሙ ሳብኩት፤ ያ ሽታ የልጅነት ቤቴ ሽታ ነውና። ልደታ ማርያም ጀርባ፣ ስድስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ አባቴ ባሕር ሠርቶ ነበር።

አባቴ ታደሰ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ መስታወት ቆራጭ ነበር። የመስኮት መስታወት እየለካ ይቆርጥ፣ የሠርግ ፎቶ ፍሬም ውስጥ ያስገባ ነበርና፣ ከጣቶቹ ላይ ፕላስተር ጠፍቶ አያውቅም። ተወልዶ ያደገው እዚያው ልደታ ነው፤ ከላንጋኖ ሌላ ሰፊ ውኃ በዓይኑ አላየም። እናቴ አስካለ ግን የአሰብ ልጅ ናት። ጦርነቱ ሲነሳ፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከጎረቤቶቿ ጋር በጭነት መኪና ተሳፍራ አዲስ አበባ መጣች፤ እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ከባሕሩ ዳር አልነቃነቅም ብላ እዚያው ቀረች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተቋረጠ፣ ደብዳቤው ቆመ፣ ድንበሩም ተዘጋ። እናቴ አባቴን አግብታ እኔን አንዷን ብቻ ወለደች፤ ቤት ውስጥ በእጅ በሚገፋ የሹራብ መኪና የተማሪ ሹራብ ትሠራ ነበር። ስለ አሰብ ስጠይቃት፣ ሙቀት ነው፣ ምን አለው ብለሽ ነው ብላ ታልፈኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ነው። ከእኛ ቤት በስስ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ የሚኖረው ጋሽ ሙክታር ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የወሎ ሰው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ለእኔ ቴምር ሳይዝ የማይገባ። በዚያ ክረምት ሲመለስ ግን ቴምሩን እኔ እጅ ላይ ጣል አድርጎ አባቴን ወደ ውጭ ጠራው። ወደቡ አካባቢ ከአሰብ የመጡ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ስለ እናቴ ሠፈር ሲጠይቃቸው፣ አያቴ ከሞተች አራት ዓመት እንዳለፋት ነግረውት ነበር። ሁለቱ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመው ዝናቡን እያዩ ብዙ ቆዩ። በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የግቢው ሴቶችና አንድ ካህን በራችንን አንኳኩ። እናቴ ሰዎቹን ስታይ ገባት። አልጮኸችም፣ ፊቷንም አልነጨችም፤ መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ሲነግሯት፣ «እኔ እኮ አራት ዓመት ሙሉ ለጤናዋ ስጸልይ ነበር» አለችና ተቀመጠች።

ከሐዘኑ በኋላ የሹራብ መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነችው። ምግብ ስናቀርብላት ትበላ ነበር፣ ካላቀረብንላት ግን አትጠይቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በግቢው መሐል የሚወርደውን ጎርፍ ታይ ነበር። ጎረቤቶቻችን እንባ ያልወጣለት ሐዘን ሰው ይገድላል እያሉ ሲንሾካሾኩ እሰማ ስለነበር፣ እንቅልፍ ሲወስዳት አጠገቧ ሄጄ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። አንድ ከሰዓት አባቴ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ሐኪም ጋ እንሂድ እያለ ሲለምናት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ባሕሩን አንዴ ባየው ኖሮ ምናልባት እንባው ይመጣልኝ ነበር አለችው። አባቴ ተነሥቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አባቴ ከሥራ ቦታው ወፍራም መስታወት በጋሪ አስጭኖ መጣ። አምስት ቦታ የቆረጠውን ሲሊኮን በሚባል ማጣበቂያ አጣብቆ፣ ዙሪያውን በገመድ አስሮ፣ ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። ርዝመቱ የእኔን ቁመት ያህል ነበር። መጀመሪያ ውኃ ሲሞላው አንዱ ማዕዘን አፍስሶ ወለላችን ጭቃ ሆነ፤ አድርቆ፣ ልጦ፣ እንደገና አጣበቀው። ምን እንደሚሠራ ስንጠይቀው አኳሪየም ነው ይለን ነበር፤ ቃሉን ከማን እንደሰማው አላውቅም። ሁለተኛው ሙከራ ሲይዝለት የቧንቧ ውኃ ሞልቶ፣ ከሱቅ የገዛውን ጨው በጆንያ አምጥቶ በእንጨት ማማሰል ጀመረ። የባሕር ጨውነት ምን ያህል እንደሆነ ስለማያውቅ ጋሽ ሙክታርን አስቀመሰው፤ ጋሽ ሙክታር ፊቱን አጨፍግጎ፣ ሳይሆን አይቀርም አለ። ከዚያ አባቴ ፒያሳ ወርዶ በላስቲክ ከሚሸጡት ቀያይ ዓሦች ሁለት ገዝቶ መጣና፣ እናቴን እጇን ይዞ አምጥቶ ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ዓሦቹን ለቀቃቸው።

ሁለት ዙር እንኳ በቅጡ አልዋኙም። አንደኛው ጎኑን ሰጠ፣ ቀጥሎ ሌላኛው፤ አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ወደ ላይ ወጡና ቆሙ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ እጅጌው እስከ ክርኑ እንደረጠበ ቆመ። ያን ጊዜ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጣቷን ውኃው ውስጥ ነክራ ቀመሰች።

«ታደሰ፣ ይሄ እኮ የወጥ ጨው ነው» አለችው። «እነዚህም የወንዝ ውኃ ዘር ናቸው፤ ባሕር የት ያውቃሉ?»

በሦስት ወር ውስጥ ከአፏ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር። አባቴ በርጩማውን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና፣ እንደ ተማሪ፣ ታዲያ ምን ይሻላል ብሎ ጠየቃት። እሷም አሸዋው ከየት እንደሚሆን፣ ድንጋዩ ሕይወት ያለው ከባሕሩ ሥር የወጣ መሆን እንዳለበት፣ ውኃውም ከራሱ ከባሕሩ ካልሆነ እንደማይሆን ቀስ እያለች ነገረችው። እኔ የሞቱትን ዓሦች በስኒ ይዤ ስሰማ ነበር።

የበጋው መጀመሪያ የባሕር ውኃ ስንጠብቅ አለፈ። ጋሽ ሙክታር ከጅቡቲ ሲመለስ ከመኪናው አናት ላይ ቢጫ ጀሪካን አሥሮ ያመጣ ነበር፤ በመጀመሪያው ጉዞ አራት፣ በሁለተኛው ስድስት። የግቢያችን ሰው ሁሉ ተሰልፎ ጣቱን እየነከረ ቀመሰ፤ አንዲት አሮጊት ጠበል መስሏቸው ግንባራቸውን ቀቡት። በሦስተኛው ጉዞ ድንጋዮቹ መጡ፣ እርጥብ ጆንያ ውስጥ፣ ቀዳዳ የበዛባቸውና ሐምራዊ ቀለም የተቀቡ የሚመስሉ። ጋሽ ሙክታር እዚያ ዓሣ እያጠመደ ለውጭ አገር ሰዎች የሚሸጥ ሰው ጠይቆ፣ ከድንጋዩ በኋላ ሁለት ወር ምንም ዓሣ እንዳይገባ፣ ውኃው መጀመሪያ ተበላሽቶ ራሱን በራሱ ማዳን እንዳለበት ተነግሮት መጣ። እውነትም ውኃው ደፈረሰ፣ ቤታችን ሸተተ፣ መስታወቱ ቡናማ ነገር ለበሰ። አባቴ ሁሉንም ደፍቶ እንደገና ሊጀምር ባልዲ ሲያነሣ እናቴ ከለከለችው። ባሕሩም ዳር ዳሩ እንዲህ ነው፣ ተወው አለችው።

በየማለዳው፣ ከጸሎቷ ቀጥሎ፣ ጣቷን ነክራ የምትቀምሰው እሷ ነበረች። ውኃው እየተነነ ሲያንስ ጨውነቱ ይጨምራልና፣ ዛሬ ጠንከር ብሏል ስትል አባቴ በባልዲ ሁለት ቀን ያሳደረውን የቧንቧ ውኃ በኩባያ እየለካ ይጨምርበት ነበር። አባቴ የገጠመው የአየር ፓምፕ ቀንም ሌትም ይንጎራጎራል፤ አንድ ትልቅ አምፖልም እንዳይበርደው ከላይ ተሰቅሎለት ነበር። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ውኃው እንደ አየር ጠርቶ፣ በአንዱ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የጥፍሬን ያህል ሸርጣን ተቀምጦ አገኘሁት። ጮኼ እናቴን ጠራኋት። መጥታ አየችውና ፈገግ አለች። በማግስቱ ከሹራብ መኪናዋ ላይ አንሶላውን አነሣችው።

ዓሦቹ የመጡት በፋሲካ ሰሞን ነው። ጋሽ ሙክታር ከተሳፈሩት አምስት ውስጥ ሦስቱ መንገድ ላይ እንደሞቱ በሐፍረት ተናግሮ፣ የቀሩትን ሁለቱን በባልዲ አስረከበን። ጥቋቁር መስመር ጎናቸው ላይ የተሰመረባቸው፣ ጀርባቸው ቢጫ፣ ከመዳፌ ያነሱ ነበሩ። እናቴ ገና ስታያቸው አወቀቻቸው። አሰብ ልጅ ሳሉ መስመሩን እንደ ማዕረግ ቆጥረው አሥር አለቃ ብለው ይጠሯቸው እንደነበር፣ አያቴ ጨው ከሚመረትበት ቦታ ሥራ ጨርሳ ስትመለስ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ እነዚህ ዓሦች ጣቶቿን ይለቃቅሟት እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየከሰዓቱ፣ ሹራብ ስትሠራ ቆይታ እጇ ሲደክም፣ ገንዳው ፊት ተቀምጣ ስለ አያቴ ታወራልኝ ነበር፤ አረማመዷን፣ ስትቆጣ ዓይኗን እንደምታጠብ፣ ከጨው ብዛት እጇ እንደ ብራና የደረቀ እንደነበር። በዓይኔ አይቻት የማላውቃትን ሴት ያወቅኳት በዚያ በልግ ነው። እናቴ ግን ታወራ እንጂ አታለቅስም ነበር።

ክረምቱ ሲመለስ የሠፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ሦስት ቀን መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ፣ አምፖሉም ጠፋ፣ ቤቱ በረዶ ሆነ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር መጎንጨት ጀመሩ። እናቴ ቡታጋዝ ለኩሳ ውኃ እያፈላች በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላች ገንዳው ላይ ታንሳፍፍ፣ ከዚያ በጆግ ከገንዳው እየቀዳች ከከፍታ መልሳ ታፈስስ ነበር፤ ውኃው ሲወድቅ የሚያነሣው አረፋ ለዓሦቹ ትንፋሽ ይሆናል ብላ። እኔና አባቴም በተራ እናፈስስ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዷ ዓሣ ድንጋዩ ሥር ወድቃ ተገኘች። አባቴ አውጥቶ በጋዜጣ ጠቀለላትና፣ ሌላዋም ከዛሬ ስለማታልፍ እናቴ ትንሽ እንድታርፍ ለመናት። እናቴ ጆጉን አልለቀቀችም። ቀድታ ታፈስሳለች፣ ቀድታ ታፈስሳለች። ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ መናገር ጀመረች።

«እናቴን ልሰናበታት ስገባ ተኝታ ነበር። ሙቀቱ ሲያሰቃያት አድሮ ገና ያን ሰዓት ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ለሳምንት ነው የምሄደው፣ ምን ብዬ አስነሣታለሁ ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። አላስነሣኋትም ታደሰ። ስትነቃ አጣችኝ።»

አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እንፋሎቱ መሐል ቆሞ፣ «ያን ጊዜ ያስፈለጋት እንቅልፍ ነበር፤ እሱን ሰጥተሻታል» አላት። እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጆጉን እንደያዘች ፊቷ ተሰበረ፣ ዓመት ሙሉ ያልመጣው እንባ መጣ፤ ድምፅዋን ለቃ፣ እንደ መርዶ ቀን፣ እናቷን በስሟ እየጠራች አለቀሰች። የግቢው ሴቶች ምን ተፈጠረ ብለው ሮጠው ሲመጡ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ምንም አልሆነችም፣ እያለቀሰች ነው አላቸው። ማፍሰሱን ከእጇ ተቀብዬ የቀጠልኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሲመጣ አንዷ ዓሣ በሕይወት ነበረች።

በተከታዩ በጋ የግቢያችን ግድግዳዎች ላይ ቀይ ምልክት ተደረገባቸው። ሠፈሩ ሊፈርስ ነበር። ለእኛ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰን፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚወጣበት፣ ጋሽ ሙክታርም ሆነ ጀሪካኖቹ አጠገብ የማይኖሩበት ቤት። አባቴ ገንዳውን ቆርጦ አሳንሶ ደረጃውን ሊያወጣው አስቦ ወረቀት ላይ ይለካ ያሰላ ነበር። እናቴ ለቀናት ስታየው ሰነበተችና አንድ ቀን እርሳሱን ከእጁ ወሰደችበት።

«ተው፣ ዓሣዋን ለሙክታር ስጠውና ወደ ባሕሩ ይመልስልኝ» አለችው። «እኔ ባልመለስ እሷ ትመለስ።»

ጋሽ ሙክታር ክዳን ባለው ባልዲ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ይዞ መጣ። እናቴ በገዛ እጇ ዓሣዋን በሻሽ ቀድታ አስገባቻት፣ ባልዲውን በጋቢ ጠቀለለችው፣ ከዚያ መኪናው እስኪርቅ መንገዱ ላይ ቆመች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲመለስ እኛ ዕቃ እየሰበሰብን ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ አደረስኳት አለ። እናቴ ውኃው ሞቅ ያለ እንደነበር ጠየቀችው። ሞቅ ያለ ነበር አላት። «ተመስገን» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አባቴና ጋሽ ሙክታር ተያይዘው ወደ ውጭ ወጡ። አባቴ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ለገንዳው አዝኖ መሰለኝ። በዚያኑ ቀን በምላጭ ሲሊኮኑን ቀዶ መስታወቶቹን ለያያቸው።

አባቴ የሞተው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፣ በኩላሊት ሕመም፣ ባሕር ሳያይ። በሠልስቱ ጋሽ ሙክታር ምርኩዝ ይዞ ጀሞ ድረስ መጣና፣ ከድንኳኑ ራቅ አድርጎ እኔን ጠራኝ። ዓሣዋ አዋሽን እንዳለፉ በሙቀቱ ሞታ ነበር። መንገድ ላይ ሊጥላት አልሆነለትም፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟት ሄዶ፣ እንደሞተች ባሕሩ ውስጥ አስገባት።

«አደረስኳት ስል አልዋሸሁም፣ እውነቱንም አልተናገርኩም» አለኝ። «በእናትሽ ላይ አንዴ መርዶ አምጥቼ ነበር። ሁለተኛውን አፌ እምቢ አለኝ። ለታደሰ ነገርኩት፤ እሱም እንዳልናገር በእናቱ አስምሎኝ በዚሁ ይቅር አለኝ። አሁን እሱ የለም፤ ብቻዬን ይዤው መሞት ከበደኝ።»

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። ስልኩ የተከፈተ ሰሞን አሰብ የቀረች አንዲት ጎረቤቷን በስንት መከራ አግኝታ የአያቴ መቃብር የት እንዳለ ጠይቃ አወቀች፤ ልትሄድ ስትሰናዳ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ግፊት አለባት፣ ዓይኗም ደክሟል። ክረምት ሲገባና መብራት ሲጠፋ አንዳንዴ፣ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ያቺን አሥር አለቃ፣ ሙክታር በደህና አድርሷት ነበር አይደል ትለኛለች። አዎ እማዬ፣ አድርሷት ነበር እላታለሁ።

ልጅ ሳለሁ በስሱ ግድግዳ በኩል ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ እየሰማሁ፣ ሳድግ ሁሉን ነገር ፊት ለፊት እናገራለሁ ብዬ እዝት ነበር። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስታችን ተኝተን አባቴ የሚሰውርብኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ሦስት ክፍል ባለው ቤት ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እየኖርን፣ እሷ በጠየቀችኝ ቁጥር እኔ ዞር ብዬ የሚታጠፍ ልብስ እፈልጋለሁ። አባቴ ይህን ምስጢር ከእኛ ደብቆ ስንት ዓመት እንደያዘው ሳስብ፣ እኔ ገና ስድስተኛ ዓመቴ ነው።